የጋራዡን በር ላስቲክ ብርዱ ሳይገባ ቀይሩት

ሚኒሶታ የገባነው በነሐሴ ነበር። ሙቀቱ ያፍናል። ብርድ የሚባል ነገር እዚህ አገር አለ ብሎ ማመን ይከብድ ነበር። ብሩክሊን ፓርክ ውስጥ ጋራዥ ያለው ቤት ተከራየን።

እኛ አገር ጋራዥ ማለት መኪና የሚጠገንበት ቦታ ነው። እዚህ ከቤቱ ጋር የተያያዘ የመኪና ማደሪያ ነው። ለሐበሻ ቤተሰብ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። የጤፍ ዱቄቱ፣ የሽንኩርቱ ጆንያ፣ እንግዳ ሲበዛ የሚዘረጋው ወንበር፣ ሽታው ቤት ውስጥ እንዳይቀር ተብሎ የወጣው ምጣድ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ኅዳር ላይ ባለቤቴ ጤፍ ልታመጣ ወጣች። ከረጢቱ ጥጉ ላይ ተበልቷል። ዱቄቱ መሬት ላይ ፈሷል፤ በላዩ ላይ የአይጥ ዱካ ይታያል። 25 ፓውንድ ጤፍ እንዳለ ጣልን። አይጧ በየት ገባች ብለን ስንፈልግ ከትልቁ በር ሥር ያለው ላስቲክ ጥጉ ላይ ተቀዶ አገኘነው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ለአይጥ ግን ይሄም ትርፍ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያህል ቀዳዳ፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ፣ ይበቃታል።

አዲስ ለመጣ ሰው ስለ ጃኬቱ፣ ስለ ቦቲው፣ ስለ መኪናው ጎማ ሁሉም ይመክረዋል። ስለዚህ ላስቲክ የነገረን ግን አልነበረም። የጋራዥ በር የቤቱ ትልቁ በር ነው። የአንድ መኪናው ስፋት 8 ወይም 9 ጫማ፣ የሁለት መኪናው 16 ጫማ ነው። ከሥሩ ያ ላስቲክ ካረጀ ብርዱም፣ የቀለጠው በረዶም፣ ቅጠሉም፣ አይጡም ሰተት ብሎ ይገባል። አገር ቤት በበር ሥር ጨርቅ ጠቅልለን እንወትፍ ነበር። እዚህ ያ አይሠራም። ጨርቁ ውሃ ይመጥና በማግስቱ ድንጋይ ሆኖ ከመሬቱ ጋር ይጣበቃል።

መጀመሪያ፦ ቤቱ የማን ነው?

ተከራይ ከሆናችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አከራዩን ጠይቁ። በሚኒሶታ ሕግ ቤቱን በአግባቡ ማደስ የአከራዩ ግዴታ ነው። የአከራይና ተከራይ ሕጉ ዌዘር ስትሪፒንግን፣ ማለትም በበርና በመስኮት ዙሪያ ብርድ የሚከለክለውን ላስቲክ፣ ስሙን ጠርቶ ያነሣዋል፤ በኃይል ቁጠባ የሚገኘው ጥቅም በ10 ዓመት ውስጥ ከወጪው የሚበልጥ ከሆነ አከራዩ ሊያስገባው ይገባል ይላል። ጋራዡ የማይሞቅ ከሆነ በቁጠባው ላይ ክርክር ሊነሣ ይችላል። የአይጥ መግቢያ መሆኑ ላይ ግን የሚከራከር አይኖርም። ስለዚህ ስትጽፉ አይጡንና ውሃውን አስቀድሙ።

በስልክ ብቻ ነግራችሁ አትተዉት። ፎቶ አንሱ፤ በቴክስት ወይም በኢሜይል ላኩ፤ ቀኑ ይቀመጣል። እኛ አንገታችንን ደፍተን «ይሁን፣ ራሴ እሠራዋለሁ» ማለት እንወዳለን። አከራዩ «ገዝተህ ሥራው» ካለም በሕጉ መሠረት ስምምነቱ በግልጽ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ለእናንተም ተመጣጣኝ ጥቅም ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ ከኪራይ ላይ ይቀነስላችሁ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ ደግሞ ለሁለት ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ቀን ላይ ጋራዡ ውስጥ ግቡ። በሩን ዝጉ፤ መብራቱን አጥፉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቁሙ። ብርሃን የሚታይበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ከሥር፣ ከሁለቱ ጎንና ከላይ እዩ፤ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ላስቲኩን በእጃችሁ ንኩት። ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ሲጫኑት ተመልሶ ካልተነፋ ዘመኑ አልፏል።

አንዳንዴ ላስቲኩ ደህና ሆኖ ብርሃኑ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ይታያል። ያኔ ጥፋቱ የወለሉ ነው። እዚህ መሬቱ በዊንተር ሲቀዘቅዝ ያብጣል፤ ኮንክሪቱን ያነሣዋል፣ ያዘነብለዋል። ለእንዲህ ያለው ወፈር ያለ ላስቲክ መምረጥ ወይም ወለሉ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ትሬሾልድ የሚባል የጎማ ደፍ መጨመር ይሻላል።

ሱቅ ስትሄዱ

ሆም ዲፖ፣ ሎውስ ወይም ሜናርድስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። «ጋራዥ ዶር ቦተም ሲል» በሉ፤ ይሄ የሥሩ ነው። የጎንና የላዩ «ስቶፕ ሞልዲንግ» ይባላል። ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ለሁለት መኪና በር እንኳ ሠራተኛ ጠርታችሁ ከምትከፍሉት በእጅጉ ያንሳል።

ሰው የሚሳሳተው ዓይነቱ ላይ ነው። የብረት በር ከሥሩ የአሉሚኒየም ሀዲድ አለው። ላስቲኩ እዚያ ሀዲድ ውስጥ ይንሸራተታል። ጠርዙ እንደ እንግሊዝኛው ቲ ፊደል የሆነ አለ፤ እንደ ዶቃ ክብ የሆነ አለ። ቲውም ቢሆን 1/4 ኢንችና 5/16 ኢንች የሚባል ልዩነት አለው። በዓይን ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ሀዲዱ ውስጥ ግን ወይ አይገባም ወይ ይወልቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከአሮጌው ላስቲክ ጫፍ ጥቂት ኢንች ቆርጣችሁ በላስቲክ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን አስተያዩ። እንግሊዝኛችሁ ቢያጥራችሁም ያቺ ቁራጭ ትናገራለች።

በራችሁ የእንጨት ከሆነ ሀዲድ የለውም፤ ላስቲኩ በምስማር ይመታል። እሱ ከሁሉም ይቀላል።

በሩን ራሱን በሜትር ለኩ፤ ከዚያ ረዘም ያለውን ግዙ። ትርፉ ይቆረጣል።

የማይነካው ነገር

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ከበሩ በላይ በዘንግ ላይ የተጠመጠመ ወፍራም ስፕሪንግ አለ። በአንዳንድ ቤት ደግሞ በሁለቱ ጎን የተዘረጋ ነው። የበሩን ክብደት በሙሉ የሚሸከመው እሱ ነው። ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው። ቢፈታ እጅ ይሰብራል፣ ከዚያም የባሰ ያደርሳል። ከበሩ ሥር ግራና ቀኝ ጥግ ላይ ሽቦ ገመዱ የሚታሰርበት ብረት አለ፤ እሱም ከዚያው ውጥረት ጋር የተያያዘ ነው። ብሎኑ ቀይ የተቀባ ከሆነ «አትንኩኝ» ማለት ነው። ላስቲክ ለመቀየር ሁለቱንም መፍታት አያስፈልግም። በዩቲዩብ ያየ ዘመድ «እኔ አውቀዋለሁ» ቢላችሁ እንኳ እምቢ በሉ። ስፕሪንጉ ከተሰበረ ባለሙያ ይጠራል።

ሥራው

ጊዜው ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያለው ነው። አየሩ ገና ደህና ነው። ብርዱ ከገባ በኋላ ላስቲኩ ይገተራል፤ ሀዲዱ ውስጥ ማስገባት ትግል ይሆናል። አዲሱን ላስቲክ ከካርቶኑ አውጡና ፀሐይ ላይ ዘርጉት። እጥፋቱ ይለቃል።

በሩን በሞተሩ ደረታችሁ ድረስ አንሡት። ከዚያ የሞተሩን ሶኬት ከጣሪያው ንቀሉ። ሰው ሳያውቅ ቁልፉን ቢጫን በሩ መንቀሳቀስ የለበትም። ልጆች ካሉ ሪሞቱን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ከሞተሩ የሚንጠለጠለውን ቀይ ገመድ በሩ ወደ ላይ እያለ አትሳቡ፤ ስፕሪንጉ ደካማ ከሆነ በሩ ዱብ ይላል። በሁለቱም ጎን፣ ጎማዎቹ የሚሄዱበት ሀዲድ ላይ፣ ከሥረኛው ጎማ ዝቅ አድርጋችሁ የሚቆለፍ ፒንሳ አጥብቁ። በሩ እንዳይወርድ ይይዘዋል።

የአሉሚኒየሙ ሀዲድ ጫፍ ብዙ ጊዜ ተጨፍልቆ ታገኙታላችሁ፤ ላስቲኩ እንዳይንሸራተት ተብሎ ነው። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። አሮጌውን ከአንድ ጫፍ ሳቡ። እምቢ ካለ በምላጭ እየቆረጣችሁ በቁራጭ አውጡት። ከዚያ ሀዲዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ይህን አትዝለሉት። ውስጡ የዓመታት አሸዋና ጨው አለ፤ አዲሱ ላስቲክ አልንሸራተት ብሎ የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

የሳሙና ውሃ ሀዲዱን ቀቡ። የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። ግሪስና ዘይት አትጠቀሙ፤ ላስቲክ ይበላል። ላስቲኩን ሁለት እጠፉት፤ ሁለቱን ጠርዞች በሀዲዱ ሁለት ቦዮች አስገቡ። አንዱ ሰው እየመገበ ሌላው ከወዲያ ጫፍ ይስባል። ሲስቡ እንዳይለጠጥ ተጠንቀቁ። የተለጠጠ ላስቲክ በማግስቱ ይሰበሰብና ጥጉን ባዶ ይተወዋል። እዚያ ጥግ ነው እኛን ጤፉን ያስበላን። በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ኢንች ትርፍ ተዉ፤ ብርድ ላይ ያጥራል። መጨረሻ ላይ የሀዲዱን ጫፎች በፒንሳ መልሳችሁ ጨፍልቁ።

የጎኑና የላዩ ሥራ በሩ ተዘግቶ ነው የሚሠራው። አሮጌውን ነቅላችሁ መጀመሪያ የላዩን፣ ከዚያ የጎኖቹን ምቱ። የጎማው ክንፍ በሩን ደገፍ ብሎ ይንካው፤ እንዳይጫነው። ከተጫነው በሩ ሲወጣና ሲወርድ እያሻሸ ይጨርሰዋል። የማይዝግ ምስማር ተጠቀሙ፤ በየ30 ሴንቲሜትሩ አንድ ይበቃል።

ፒንሳዎቹን አውልቁ፤ ሶኬቱን መልሱ፤ በሩን ዝጉ። አዲሱ ላስቲክ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩ «ሰው ነክቻለሁ» ብሎ በሩን መልሶ ሊያነሣው ይችላል። አትደንግጡ። ሞተሩ ላይ የበሩን መውረጃ ልክ የሚያስተካክል ቁልፍ አለ፤ ትንሽ ማስተካከል ነው። ከዚያ ይህን ሙከራ የግድ አድርጉ። ሁለት በአራት የሚባለውን ጣውላ ወለሉ ላይ በጠፍጣፋው አስተኙትና በሩን ዝጉ። በሩ እንደነካው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ በሩን አትጠቀሙበት፤ ባለሙያ ይየው። በሁለቱም ጎን ከወለሉ 6 ኢንች ባልበለጠ ከፍታ ያሉት ትንንሽ ዓይኖችም ልጅ ሲያልፍ በሩን የሚያስቆሙ ናቸው። በአሜሪካ ከ1993 ወዲህ የተሠሩ የጋራዥ ሞተሮች ይህ ዓይነት መከላከያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። አዲሱ የጎን ጎማ እንዳይሸፍናቸው እዩ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ አደጋ

ጋራዡ አየር ሳያስገባ ሲዘጋ ጭስም አያስወጣም። መኪና ውስጡ አስነሥታችሁ አታሙቁ፤ በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ። ከሰልም እንደዚሁ። ውጭ ስለሚበርድ ብለው ጋራዥ ውስጥ ከሰል አያይዘው ቡና የሚያፈሉ፣ ሥጋ የሚጠብሱ ቤቶች አውቃለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታት ሲጀምር ብዙው ሰው ድካም ይመስለዋል። ለጀበናው ኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ለዕጣኑም የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ። እባካችሁ።

ከጋራዡ ወደ ቤት የሚያስገባውን ትንሹን በርም እዩ። ወረቀት በሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለምንም ትግል ከወጣ የዚያም ላስቲክ ይቀየር። ጭሱን ከልጆቻችሁ መኝታ የሚለየው እሱ ነው። የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲኖር ያዝዛል። መኖሩን ብቻ ሳይሆን መጮኹንም ሞክሩ።

ጥር ላይ ቢጣበቅ

ከመኪናው የቀለጠ በረዶ ሥሩ ገብቶ ሲረጋ ላስቲኩ ከወለሉ ጋር ይጣበቃል። ቁልፉን ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ ወይ ላስቲኩ ይቀደዳል ወይ ሞተሩ ይጎዳል። የፀጉር ማድረቂያ ከውስጥ በኩል አስጠጉ፤ ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ቀስ ብላችሁ አላቁት። የፈላ ውሃ አታፍሱ፤ ተመልሶ ይረጋል። ከዚያ ወለሉን አድርቁና ላስቲኩን ሲሊከን ስፕሬይ በስሱ ቀቡት። ማታ መኪና ካስገባችሁ በኋላ በሩ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ በመጥረጊያ ወደ ውጭ መግፋት ከሁሉም ይሻላል።

ከአዲሱ ላስቲክ የቆረጣችሁትን ትርፍ አትጣሉት። ዓይነቱንና ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፋችሁ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በምስማር ስቀሉት። በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ይዛችሁ የምትሄዱት እሱን ነው።