ከግቢ ዲግሪ ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ

ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከጀመርኩ አንስቶ በየዓመቱ የማየው ነገር አለ። ጎበዝ ልጅ ይገባል። አራት ዓመት ተቀምጦ ጥሩ ውጤት ይዞ ይመረቃል። ከዚያ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይቀርብና «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉት ምላሱ ይተሳሰራል። ዕውቀት አጥሮት አይደለም። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሰው ፊት ቆሞ የራሱን ሐሳብ ተናግሮ ስለማያውቅ ነው።

ስለ ውጤት የሚመክራችሁ ሞልቷል። ቤተሰብ አለ፣ ሲኒየር አለ፣ ቴሌግራም አለ። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ማንም ማርክ ስለማይሰጥበት ነገር ነው፦ ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለመኖር፣ ተከራክሮ ስለመስማማት፣ ያልገባን ነገር አፍ አውጥቶ ስለመጠየቅ፣ በራስ ጊዜና በራስ ገንዘብ ላይ ስለመወሰን። ከግቢ ለራሳችሁ የምታተርፉት እሱን ነው። ብዙ ልጅ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲሠራለት እያደረገ ያልፈዋል።

«ስሜን ጨምሩልኝ»

በዚህ የምጀምረው ከሁሉም በላይ ስለሚያናድደኝ ነው።

ግሩፕ አሳይመንት ይሰጣል። ስድስት ሰባት ሆነው ይመደባሉ። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ ሁሉም «እሺ» ይላል፣ ከዚያ ጸጥ። የማስረከቢያው ዋዜማ ሲደርስ አንዱ ቸካይ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። ሌሎቹ ጠዋት ስማቸውንና አይዲ ቁጥራቸውን ይልኩለታል። ከአሳይመንቱ ሁሉ በጥንቃቄ የተሠራው የፊት ገጹ ነው። የዩኒቨርሲቲው አርማ አለ፣ የመምህሩ ስም አለ፣ ሰባት ስም በተራ ተደርድሯል።

ከዚያ የፕረዘንቴሽን ቀን ይመጣል። ስላይዱን ይካፈሉና እያንዳንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ የተጻፈውን ያነባል። እኔ አንዲት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ከባድ አይደለችም፤ «ይሄን ቁጥር ከየት አገኛችሁት?» ብቻ ናት። ስድስቱም ዞረው አንዲቷን ልጅ ያያሉ። የሠራችው እሷ ናት። ስላይድ ሲከፋፈሉ ለእሷ የሰጧት ግን የመጨረሻውን፣ «እናመሰግናለን» የሚለውን ነው።

ይሄን ደግሞ ልብ በሉ። ወንድና ሴት የተቀላቀለበት ግሩፕ ውስጥ መተየቡ፣ ማስተካከሉ፣ ፕሪንት ማስደረጉ አብዛኛውን ጊዜ ለሴቷ ይሰጣል፤ ፊት ቆሞ መናገሩ ለወንዶቹ። ልጆቼ፣ እህቶቼ፣ እባካችሁ እምቢ በሉ። ተይቡ ካሏችሁ ተይቡ፣ ማቅረቡንም ግን ውሰዱት።

ስሙን ያስጨመረው ልጅ ማርኩን አገኘ። ያጣው ምንድን ነው? ሥራ መከፋፈልን አልተማረም። ጓደኛውን «ይሄ ያንተ ድርሻ ነበር፣ አልሠራህም» ብሎ ሳይጣላ መናገርን አልተማረም። ሲያጠፋ ይቅርታ ጠይቆ ማካካስንም እንደዚያው። መሥሪያ ቤት ስትገቡ ከጠዋት እስከ ማታ የምትውሉት ደግሞ በእነዚህ ነው። ቸካዩም ቢሆን ተጎድቷል። «ከምለምናቸው ራሴ ልሥራው» እያለ አራት ዓመት የኖረ ልጅ ሰው ማመን ያቅተዋል። ጎበዝ ሠራተኛ ይወጣዋል፣ ሰው ማሠራት ግን አያውቅበትም፤ አለቃ ሲሆን የሥሩን ሰዎች ሥራ ሁሉ ተሸክሞ ይታመማል።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። ያልገባችሁን እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት፣ ደስ ይለኛል። የሰጣችሁን ሳታነቡ ስም ደርድራችሁ ካስረከባችሁ ግን ቸካዩም ጭምር ሳይማር ቀረ ማለት ነው።

ምን ይደረግ? በተሰጠበት ሳምንት ተገናኙ፣ በአካል። ማን ምን እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚያደርስ ጽፋችሁ ግሩፑ ላይ ፒን አድርጉት። ከማስረከባችሁ በፊት ድርሻ ተለዋወጡና አንዱ የሌላውን ያስረዳ። ማስረዳት ያቃተው ካለ አሳይመንቱ ገና አላለቀም። ጭራሽ የጠፋ ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ካልመጣ ስሙን አታስገቡ። «ምን ይለኛል» አትበሉ። በይሉኝታ ስሙን ያስገባችሁለት ልጅ ነው የሚጎዳው።

ከአገር ልጅ ጋር ብቻ መዋል

ምደባ ሲወጣ ብዙ ቤት ውስጥ ይለቀሳል። ከጎንደር ወደ ወላይታ፣ ከሐረር ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅግጅጋ። የወላጅ ስጋት ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም በብዙ ግቢዎች ግጭት ተነስቶ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ አይተናል። ስለዚህ የደኅንነት ነገር ሲነሳ ማንንም «ፈሪ» አልልም።

የምናገረው ሰላም በሆነበት ግቢ ውስጥ ስለሚሆነው ነው። ምሳ ከአገር ልጅ ጋር፣ ጥናት ከአገር ልጅ ጋር፣ ፕሮክተሩን፣ የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ለምኖ ዶርም ቀይሮ አሁንም ከአገር ልጅ ጋር። አራት ዓመት ወላይታ ሶዶ ኖሮ በወላይትኛ ሰላምታ መስጠት የማይችል ተመራቂ አለ። እንደዚህ ያለ ዕድል ከዚያ በኋላ በገንዘብም አይገኝም፤ ከአምስት ስድስት አካባቢ የመጡ እኩዮቻችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተው ጠዋት አብረው የሚነሱበት ዘመን አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር ይታወቃል። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ውኃው፣ ስለ መፀዳጃ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ ክትባት ይጠይቃሉ። አንድ የማውቀው ልጅ ከሰሜን ሄዶ እዚያ ተማረ። አፋን ኦሮሞ የጀመረው ዶርም ውስጥ ነው። ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ልጅ ማታ ማታ ያስተምረው ነበር፣ እሱ ደግሞ በፈንታው ኬሚስትሪ ያስረዳው ነበር። መስክ የወጡ ቀን አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው አገኟቸው። በአስተርጓሚ ሲጠየቁ «አዎ»ና «የለም» ብቻ ይመልሱ ነበር። እሱ ጠጋ ብሎ «አካም ጅርቱ» ሲላቸው ፊታቸው ፈታ አለ፣ በርጩማ አውጥተው አስቀመጡት። ንግግሩ የተሰባበረ ነበር፤ እሳቸው እያረሙት፣ እሱ እየደገመ፣ ልጃቸው ለምን ክትባቱን እንዳቋረጠች አንድ በአንድ ነገሩት። መልሱ የሄዱበት መጠይቅ ላይ ካሉት ምርጫዎች ውስጥ አልነበረም። ዛሬ ሐኪም ነው፤ ታካሚ ሲያዋራ ብታዩት የዚያን ቀን የተማረውን ታውቃላችሁ።

ምን ላድርግ ካላችሁ፣ የዶርም ጓደኛችሁን በሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያስተምራችሁ ጠይቁት። በዓሉን ሲያከብር አብራችሁ ተገኙ። በየሃይማኖቱ ያለው የተማሪ ኅብረት፣ ግቢ ጉባኤውም፣ ጀመዓውም፣ ፌሎውም ጥሩ ነው፣ ብዙ ልጅ ከመንገድ እንዳይወጣ ይዟል። እዚያ ብቻ ውላችሁ አትደሩ ነው የምለው።

«ኮመን ኮርስ ነው፣ ዝም ብለህ እለፈው»

ይሄን ምክር የሚሰጧችሁን ሲኒየሮች አትስሟቸው። የፍሬሽማን ዓመት፣ ሁሉም ተማሪ የጋራ ኮርስ የሚወስድበት የመጀመሪያው ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም ሲመለስ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ለሁሉም እንዲሰጥ ተደረገ። ኢንጂነሪንግ የሚሄደው ልጅ «ይሄ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ብዙ ያደርግልሃል።

ሎጂኩን ብቻ እንውሰድ። የተናጋሪውን ማንነት ማጥቃት ክርክሩን እንደማያፈርስ ይማራሉ። ተማሪው የስህተቱን ስም ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ትክክለኛውን ፊደል ያጠቁራል፣ ኤ ያገኛል። ማታ ዶርም ገብቶ ፌስቡክ ላይ «እንዲህ የምትለው የእነ እንትና ዘር ስለሆንክ ነው» ብሎ ይጽፋል። ጠዋት የተማረው ከማታው ጋር አልተገናኘለትም። እንዲህ አድርጉ፦ የምትደግፉትን አንድ አቋም ውሰዱ፣ የምትጠሉትን አይደለም፣ የምትደግፉትን። ቀዳዳው የት ላይ እንደሆነ በኮርሱ መንገድ ፈልጉ። ያንን ማድረግ የቻለ ልጅ በወሬ አይነዳም።

አጠር አጠር አድርጌ

መምህር አትፍሩ። ቢሮ በር ላይ ደርሶ፣ አንኳኩቶ፣ «ይቅርታ ቲቸር፣ ሌላ ሰው ፈልጌ ነው» ብሎ የሚመለስ ተማሪ ብዙ ነው። «ኮርሱ አልገባኝም» ብሎ መምጣትም መነሻ ስለሌለው ለሁለታችንም ይከብዳል። «ይሄ ገጽ ላይ እስከዚህ ገብቶኛል፣ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» በሉ። እንዲህ ብሎ የመጣ ተማሪ ስሙ አይረሳኝም፣ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቀኝም የምጽፈው ነገር አላጣም።

ዲፓርትመንት ጓደኞቻችሁ ስለሞሉት አትሙሉ።

ከቤት የመጣውን ብር በመጀመሪያው ሳምንት ላውንጅ ለላውንጅ ጨርሳችሁ ወሩን በብድር አትግፉ። የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሙ ደግሞ አንብቡት። ብዙ ልጅ ዕዳ መሆኑን የሚያውቀው ተመርቆ ሲሄድ ነው።

ውጤታችሁ ወርዶ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ሲወጣባችሁ ለቤተሰብ አትዋሹ። መጀመሪያ ይቆጣሉ። ቢሆንም ውሸቱን ለመሸፈን የምታባክኑት ጉልበት ለማጥናት ይበቃል፤ ብቻውን ተጨንቆ ትምህርቱን ጥሎ የጠፋ ልጅም አይቻለሁ።

ያላችሁበትን ከተማ እዩት። ስድስት ኪሎ ተምሮ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም ሳያይ የሚመረቅ አለ። ድሮ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ በየቀኑ በአጠገቡ እያለፈ ክላስ የሚገባበት ግቢ ውስጥ ነው።

«ከተመረቅኩ በኋላ አገለግላለሁ»

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዘመን፣ ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ፣ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ሄዶ ማገልገል ግዴታው ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው ያገለገሉት። የከተማ ልጅ ገጠር ገብቶ ሕዝቡ እንዴት እንደሚኖር በዓይኑ አየ።

ዛሬ የሚያስገድዳችሁ የለም፣ በሩ ግን ክፍት ነው። ሕግ የምትማሩ ከሆነ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። የልጆቿን ቀለብ የምትጠይቅ እናት ፊት ቁጭ ብሎ፣ ታሪኳን አዳምጦ፣ ከእንባውና ከንዴቱ መካከል ለፍርድ ቤቱ የሚጠቅመውን ለይቶ አቤቱታ የጻፈ ተማሪ ሕጉን ከመጽሐፍ ብቻ ካነበበው ጋር አንድ አይደለም። ሌላ ዲፓርትመንት ከሆናችሁ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ስጡ፣ ደም ለግሱ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና አንብቡ፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ገብታችሁ ግጥማችሁን ሰው ፊት አቅርቡ። አንዱን ምረጡና ቆዩበት። አምስት ክበብ ተመዝግቦ አንዱም ጋ የማይገኝ ልጅ ስሙን ካስጨመረው የተለየ አይደለም።

ሪሰርች ማስጻፍ

ይሄ ለተመራቂዎች ነው። በየግቢው ዙሪያ ምሰሶ ላይ «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ «ለፈተናው ላንብብ፣ ይሄን ሰው ይሥራልኝ» የሚል ተማሪ እየበዛ መጥቷል። ጭንቀቱን አውቀዋለሁ። ፈተናውን ካላለፋችሁ ዲግሪው የለም።

ግን አስቡት። በትምህርት ዘመናችሁ ሁሉ ጥያቄውን ራሳችሁ የምታወጡበት ሥራ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ሰው የጠየቃችሁን መመለስ ነበር። እሱን በብር ለሌላ ሰው ከሰጣችሁ፣ አንድ ነገር ከራሳችሁ ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው መውሰድ እንደምትችሉ ሳታውቁ ልትወጡ ነው።

የሚያስፈራችሁ አብዛኛውን ጊዜ የርዕሱ ስፋት ነው። «በኢትዮጵያ የሥራ አጥነት መንስኤዎች» ብላችሁ ከመጣችሁ እኔም እፈራለሁ። አጥብቡት። ከግቢው በር ላይ ሻይ ቡና የሚሸጡት ሴቶች ብር የሚቆጥቡት የት ነው? ዕቁብ ወይስ ባንክ? ለምን? በእግር የምትደርሱበት፣ ተመልሳችሁ የምትጠይቁት ሰው ያለበት ርዕስ ይሁን። መጠይቁን በትናችሁ አትሂዱ፤ ቁጭ ብላችሁ አዋሯቸው። ከጠበቃችሁት የተለየ መልስ ሲመጣ አትደብቁት፣ እሱን አስፍታችሁ ጻፉት። ዲፌንስ ቀን፣ ሪሰርቻችሁን መምህራን ፊት ስታቀርቡ፣ የምንጠይቃችሁ ስለ እሱ ነው፤ እዚያ ቁጭ ብሎ ያዋራ ሰው ደግሞ መልስ አያጣም።