የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል መንገድ ላይ ሲገጥማችሁ የማይደረጉ ነገሮች

እንግሊዝ አገር በበጋ እሁድ ጠዋት ከከተማ ወጣ ካላችሁ፣ አንዱ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ዱፍ ዱፍ የሚል ድምፅ ከፊታችሁ መስማታችሁ አይቀርም። ትሪያምፍ፣ ቢኤስኤ፣ ኖርተን፣ ቬሎሴት የሚባሉ የድሮ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። አንዳንዱ ከነጂው ጋር እኩያ ነው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሲያይ ቀረብ ብሎ ማየት ያምረዋል።

ኋላው ላይ አትለጠፉ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩት ብዙዎቹ ፍሬቻ የላቸውም። የኋላ መብራታቸው ደብዛዛ ነው። የፍሬን መብራቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚበራው በእግር ፍሬኑ ብቻ ስለሆነ፣ ነጂው በእጁ ሲይዝ ወይም ማርሽ ቀንሶ ፍጥነቱን ሲያበርድ ምንም ምልክት አታዩም። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ካያችሁት ሰላም እያላችሁ አይደለም። ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ነው። እጅ አውጥታችሁ መልስ ስትሰጡ ጎኑ ላይ እንዳትገቡበት!

ከዚህ የባሰው ደርቦ አልፎ ወዲያው ፊቱ መግባት ነው። የእነዚህ ሞተሮች ፍሬን ታምቡር ነው፣ የዛሬ መኪና ቀጥ ባለበት ቦታ ቀጥ አይልም። ስትቀድሙ ለመኪና የምትተዉትን ያህል ቦታ ተዉለት፤ ካለፋችሁ በኋላም ራቅ ብላችሁ ግቡ። አድናቆታችሁን በክላክስ መግለጽም ይቅር። ከሞተሩ ድምፅ ጋር ሲጋጭ ሰውዬውን ከማስደንገጥ ሌላ ጥቅም የለውም።

መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሞተሩን የሚነካካ ካያችሁ፣ ቆም ብላችሁ አውራ ጣት በማሳየት ደህና መሆኑን ጠይቁ። እሱም አውራ ጣቱን ካሳያችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ለብዙዎቹ መነካካቱ ራሱ መዝናኛ ነው። ከመኪናችሁ የመፍቻ ቁልፍ አውጥታችሁ ልርዳህ ማለት ግን ብዙም አያስኬድም። የእናንተ ቁልፍ በሚሊሜትር የተለካ ነው፣ የድሮዎቹ የእንግሊዝ ብሎኖች ደግሞ ዊትወርዝ በሚባል የራሳቸው ልክ የተሠሩ ናቸው። በግድ ከገባ የብሎኑን ጭንቅላት ይበላዋል። ውሃ ወይም ስልክ ብትሰጡት ይሻላል።

አሁን ደግሞ ሞተረኞቹ ወደሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት። ለንደን ኖርዝ ሰርኩላር መንገድ ላይ ያለው ኤስ ካፌ ወይም ደርቢሻየር ውስጥ ማትሎክ ባዝ ብትሄዱ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ከሞተሩ ሥር ጠብታ አይታችሁ «ዘይት ያፈሳል» ብላችሁ አትንገሩት። ያውቃል። የብዙዎቹ ሞተር ቤት ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሎ የተገጠመ ነው፣ በመጋጠሚያው በኩል መላብ ልማዱ ነው። እነሱ ራሳቸው «ካላፈሰሰ ዘይት የለውም ማለት ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። ልጅን ለፎቶ ኮርቻው ላይ ማውጣት ግን ቀልድ አይደለም፤ ማርሚታው ቆዳ ይልጣል።

የቆዳ ጃኬቱንና ባጁን አይቶ መሸሽም ስህተት ነው። ብዙ ጃኬት ላይ 59 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሞተረኞች ክለብ ምልክት ነው። ይህ ክለብ የተጀመረው በ1959 ምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ ዊክ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ክበብ ሆኖ ነው። አባ ቢል ሸርጎልድ የሚባሉ፣ ራሳቸው ሞተር የሚነዱ ቄስ፣ እዚያው ኤስ ካፌ ድረስ ሄደው ጎረምሶቹን ጋበዙ። ጋዜጣው ሁሉ ወሮበላ የሚላቸውን ማለት ነው። እኔ ከዚህ የተሻለ የወንጌል ጉዞ አላውቅም።

«ስንት ያወጣል?» የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ አይሁን። የስንት ዓመተ ምህረት ሥሪት እንደሆነና ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ፣ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያወራችኋል። ታንኩ ላይ የተጻፈውንም ብቻ አትመኑ። የኖርተን ሻሲ ላይ የትሪያምፍ ሞተር የተገጠመበት ትራይተን የሚባል አለ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ወጣቶች ጋራዥ ውስጥ ይገጣጥሙት የነበረ ነው። ትሪያምፍ ራሱም ሁለት ነው ማለት ይቻላል። የሜሪደኑ ፋብሪካ በ1983 ተዘግቷል፤ የዛሬዎቹ ሂንክሊ ላይ እንደ አዲስ ከተጀመረው ኩባንያ የመጡ ናቸው። ለመለየት የነጂው እግር የሚረግጥበትን እዩ። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የአብዛኛው የእንግሊዝ ሞተር ማርሹ በቀኝ፣ የእግር ፍሬኑ በግራ ነበር፤ የዛሬዎቹ ተቃራኒ ናቸው። «ልንዳው» ከማለታችሁ በፊት ይህችን አስቡባት፤ ፍሬን የያዛችሁ መስሏችሁ ማርሽ ትቀይራላችሁ።

ሞተሩን ሲያስነሳ ደግሞ ነጂውን አታጣድፉት። መጀመሪያ ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ቤንዚን ጠብ እስኪል ይጫናል። ከዚያ የማስነሻ ፔዳሏን ቀስ አድርጎ ረግጦ የሚከብድበትን ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ በሙሉ ክብደቱ ይረግጣል። በመጀመሪያው ላይነሳ ይችላል፣ በሦስተኛውም። ያን ጊዜ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ቪዲዮውን ከተነሳ በኋላ ትቀርጹታላችሁ።