የራስን ፕሮክሲ ሲያቆሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፕሮክሲ በእናንተና በድረ ገጾች መካከል ቆሞ ጥያቄያችሁን በራሱ አድራሻ የሚያስተላልፍ ሰርቨር ነው። ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ተከራይቶ ኡቡንቱ በተባለው ሊኑክስ ላይ ስኩዊድ የተባለውን የፕሮክሲ ፕሮግራም መጫን ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ የከፋው በሩን ለዓለም መክፈት ነው። ፕሮክሲው አላስገባም ሲል ጀማሪው መፍትሔ ፍለጋ ይወጣል፤ «ኤችቲቲፒ_አክሰስ አላው ኦል» (ሁሉንም አስገባ) የሚል መስመር አግኝቶ የስኩዊድ ማስተካከያ ፋይል አናት ላይ ይለጥፋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! 3128 የስኩዊድ የታወቀ ፖርት (ግንኙነት የሚቀበልበት የበር ቁጥር) ነው፤ ክፍት ፕሮክሲ የሚያድኑ ሮቦቶች ደግሞ ቀን ከሌት ያስሱታል። ካገኟችሁ ስፓም የሚልኩት፣ የሰው አካውንት ለመስበር የይለፍ ቃል የሚሞክሩት በእናንተ አድራሻ ነው። የኢንተርኔት መስመሩ ይጨናነቃል፣ አድራሻው ጥቁር መዝገብ ይገባል፣ ድረ ገጾች «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» እያሉ ያሰለቿችኋል፣ አከራዩም ሰርቨሩን ሊዘጋው ይችላል። ስኩዊድ ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች አንብቦ መጀመሪያ የገጠመውን ይፈጽማል። ስለዚህ «አላው ኦል» ከላይ ካለ ከሥሩ ያለው ክልከላ ሁሉ ከንቱ ነው። የመጨረሻው መስመር ምንጊዜም «ዲናይ ኦል» (ሁሉንም ከልክል) ይሁን።

«የይለፍ ቃል አስገብቼበታለሁ» ማለትም አይበቃም። ቤዚክ የተባለው ማረጋገጫ ቃሉን በቤዝ64 ይጽፈዋል እንጂ አያመሰጥረውም፤ መስመሩን የሚያይ ሰው በቀላሉ ያነበዋል። የሚሻለው ስኩዊድ በ127.0.0.1 (ሰርቨሩ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ) ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ማድረግ፣ ፋየርዎሉ (የሰርቨሩ ግንኙነት አጣሪ) ላይ ከኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከሩቅ በተመሰጠረ መስመር ማዘዣ) በቀር ወደ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ መዝጋት፣ ከዚያ በኤስኤስኤች ዋሻ የኮምፒውተራችሁን 3128 ከሰርቨሩ 3128 ጋር ማገናኘት ነው። ብሮውዘሩ ላይ የምትጽፉት የፕሮክሲ አድራሻ የራሳችሁ ኮምፒውተር ይሆናል። ኤስኤስኤቹ በቁልፍ ፋይል እንጂ በይለፍ ቃል አይከፈት።

ስኩዊድ ከጥያቄያችሁ ጋር የጠያቂውን አድራሻ የሚገልጽ ራስጌ (ተጨማሪ መስመር) ይልካል። ማስተካከያ ፋይሉ ላይ «ፎርዋርድድ_ፎር»ን «ኦፍ» ማድረግ ራስጌውን አያጠፋውም፤ በአድራሻው ፋንታ «አንኖውን» ብሎ ይልካል። «ዲሊት» በሉት፤ በፕሮክሲ ማለፋችሁን የሚናገረውን «ቪያ»ን ግን «ኦፍ»።

ሎጉን (የእንቅስቃሴ መዝገቡን) የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ስኩዊድ የጎበኛችሁትን ድረ ገጽ ስም ከነሰዓቱ ይመዘግባል፤ «አክሰስ_ሎግ ነን» ብላችሁ አስቁሙት።

ፍጥነት ፍለጋ ትልቅ የዲስክ ካሽ (የተጎበኙ ገጾች ቅጂ ማስቀመጫ) መክፈት የተለመደ ስህተት ነው። በኤችቲቲፒኤስ የሚመጣ ገጽ ተመስጥሮ ስለሚያልፍ ስኩዊድ ይዘቱን አያየውም፤ የማያየውን ደግሞ ሊያስቀምጥ አይችልም። ፍጥነቱን የሚወስነው ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ማለትም እያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት በደርሶ መልስ 1 ሚሊሰከንድ ያስከፍላል። አንድ ገጽ ከመከፈቱ በፊት ደግሞ ደርሶ መልሱ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ካሊፎርኒያ ከሚከራይ ፍራንክፈርት ቢከራይ ገጾቹ ፈጥነው ይከፈቱለታል። ከዚያ ሊኑክሱ ላይ ቢቢአርን (የመረጃ አላላክ ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ማብራት ነው፤ ፓኬት (የሚላከው መረጃ ቁራጭ) በሚጠፋበት መስመር ላይ ልዩነቱ ጉልህ ነው።

ዌብአርቲሲ (የብሮውዘሩ የቪዲዮ ጥሪ ቴክኖሎጂ) ዩዲፒ በተባለ የመረጃ መላኪያ መንገድ ከፕሮክሲው ውጭ አልፎ እውነተኛ አድራሻችሁን ሊያወጣው ይችላል። ፋየርፎክስ ላይ «ሚዲያ.ፒርኮኔክሽን.ኢነብልድ» የተባለውን ማስተካከያ «ፎልስ» አድርጉ፤ በብሮውዘሩ የቪዲዮ ጥሪ እንደማይሠራም እወቁ።

አሁን ደግሞ ብዙዎች መስማት የማይፈልጉት ነገር። ብቻችሁን የምትጠቀሙበት ፕሮክሲ አድራሻው የእናንተ ብቻ ነው። በእሱ በኩል አንዴ ጂሜይል ከገባችሁ ጉግል ያ አድራሻ የማን እንደሆነ አወቀ፤ ሰርቨሩን በካርድ ከከፈላችሁም አከራዩ ስማችሁን ይዟል። እንዲህ ያለው ፕሮክሲ የቤታችሁን አድራሻ ከድረ ገጾች ይሸፍናል፣ ከካፌ ዋይፋይ ሰላይም ይጠብቃል። ማንነቱ ቢታወቅ አደጋ ላይ የሚወድቅ ሰው ግን ቶር ብሮውዘርን ይጠቀም፤ በሦስት ሰርቨሮች ስለሚያልፍ ዝግ ይላል፣ ነገር ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ማን እንደሆናችሁንም የት እንደምትሄዱንም አብሮ አያውቅም።