ወደ ስኖኳልሚ ለሚወጣ የፊት ጎማ ነጂ መኪና የበረዶ ሰንሰለት ሲገዙ

በዋሽንግተን ስቴት ካለችው ሲያትል በአይ 90 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ የነዳ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው መንገዱ ተራራውን የሚያቋርጥበት ስኖኳልሚ ማለፊያ ላይ ይደርሳል። የቦታው ከፍታ 920 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ቆላ ማለት ነው። ይሁንና ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከተማው ውስጥ ዝናብ እየጣለ እዚያ አስፋልቱ በበረዶ ተሸፍኖ ይገኛል። የመንገድ ዳሩ ሰሌዳ በአራቱም ጎማ ከሚነዱት በስተቀር ሁሉም ሰንሰለት ይግጠም ካለ፣ የፊት ጎማ ነጂ ኮሮላ ወይም ካምሪ የያዘ ሰው ዳር ይዞ ከማሰር ውጭ ምርጫ የለውም። ሳያስር ያለፈ እስከ 500 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ፎርዊል የሚነዳም ቢሆን ሰንሰለት ጭኖ መሄድ አለበት።

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ይክፈቱና ስለ ጎማና ሰንሰለት የሚለውን ያንብቡ። አንድ ዓይነት መኪና ሆኖ በትንሹ ቸርኬ ሰንሰለት ሲፈቀድ በትልቁ ሊከለከል ይችላል፤ ምክንያቱም ሰፊ ጎማ ከውስጥ በኩል ለሰንሰለት የሚተርፍ ቦታ አይተውም። መጽሐፉ የሚከለክለውን መጠን ሱቅ ውስጥ ያለ ሻጭ «ይገባል» ቢልዎ አይስሙት።

ቀጥሎ የጎማውን ቁጥር ከጎኑ ላይ አይተው ይጻፉ፤ ከማስታወስ አይናገሩ። ለምሳሌ 215/55 አር 17 ቢል፣ 215 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር፣ 55 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ቸርኬዬ 17 ነው» ብሎ ይገዛል። 225/45 አር 17ም ቸርኬው 17 ነው፤ የጎማው ዙሪያ ግን ከመጀመሪያው ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ያንሳል። ለትልቁ የተሠራ ሰንሰለት ትንሹ ላይ ሲገባ ያ ሁሉ ትርፍ ተንጠልጥሎ ይዞራል፣ የፍሬን ቱቦ ይመታል፣ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ሽቦ ይበጥሳል፣ የፓራፋንጎውን የውስጥ ላስቲክ ይቦጭቃል። ስለዚህ ሦስቱም ቁጥሮች በሳጥኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለባቸው። ጎማ በሌላ መጠን ከቀየሩ የአምናው ሰንሰለት አይሆንም፤ እንደገና ያስተያዩ።

ሦስተኛው ነገር ክፍተት ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው እሱ ነው። አብዛኞቹ የቤት መኪኖች «ክላስ ኤስ» የሚባለው ምድብ ውስጥ ናቸው። ትርጉሙ፣ ከጎማው ጥርስ በላይ ቢያንስ 37 ሚሊሜትር፣ ከጎማው ጎን በውስጥ በኩል ቢያንስ 15 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ያዙሩ፣ ሞተር ያጥፉ፣ ከዚያ እጅዎን ከጎማው ኋላ ያስገቡ። ጎማው ወደ አሞርዛተሩና ወደ ሞላው በጣም የሚጠጋበትን ቦታ በጣትዎ ያገኙታል። ትንሿ ጣት እየታገለች ከገባች ቦታው አጠራጣሪ ነው፤ በማስመሪያ ይለኩ። መሪውን ወደ ሌላው ጎን አዙረው ይድገሙት። ሳጥኑ ላይ «ክላስ ኤስ» ተብሎ ያልተጻፈበት ሰንሰለት ለእንደዚህ ዓይነት መኪና አይገዛም።

ዓይነቱን በተመለከተ፦ መሰላል መሰል ሰንሰለት ርካሽ ነው፤ ጎማውን በአግድም ብቻ ስለሚያቋርጠው ዳገት ላይ ይጎትታል እንጂ በጎን መንሸራተትን በደንብ አይዝም። የአልማዝ ቅርጽ ያለው መረብ መሰሉ በማንኛውም ጊዜ አንዱ ክፍሉ መሬት ይነካል። የፊት ጎማ ነጂ መኪና በዚያው ጎማ ስለምትጎተትም፣ ስለምትታጠፍም፣ አብዛኛውን ፍሬን ስለምትይዝበትም፣ ክፍተቱ ከፈቀደ የእኛ ምርጫ ይኼ ነው። ራሱን በራሱ የሚያጠብቀው ዓይነት ደግሞ በብርድ ጣት ለሚያስር ሰው ተጨማሪ ዋጋው አይቆጭም። ክፍተቱ ከጠበበ የካቦ (የብረት ገመድ) ሰንሰለት አለ፤ ቀጭንና ቀላል ነው፣ ነገር ግን ባዶ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበጠሳል። ከጨርቅ የሚሠራው የጎማ ካልሲ ለማልበስ በጣም ይቀላል፣ አስፋልት ላይ ግን ከሁሉም ፈጥኖ ያልቃል። ከሰንሰለት ውጭ ያለ ነገር ሲገዙ የዋሽንግተን ስቴት ፖሊስ ከፈቀዳቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

ገዝተው ሲመጡ ሳጥኑን የመኪናዋ ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወርውረው አይተዉት። በደረቅ ቀን ደጃፍዎ ላይ ሁለት ጊዜ አስረው ይፍቱት። ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ የግንባር መብራት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የሚንበረከኩበት አሮጌ የመኪና ምንጣፍ አብረው ይቀመጡ።

መንገድ ላይ ሲያስሩ ለዚሁ በተዘጋጀው ቦታ ወይም ከመስመሩ ርቀው ደልዳላ ዳር ላይ ይቁሙ፣ አራቱን ፍሬቻ ያብሩ፣ ማርሹን ፒ ላይ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ። ክሪክ አያስፈልግም፤ በረዶ ላይ ክሪክ ይንሸራተታል። የጎማ ነፋስም አይቀንሱ። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግተው የተጠማዘዘ ቀለበት ካለ ይፍቱ። የመንጠቆው ሹል ጫፍ ወደ ውጭ፣ ለስላሳው ወገን ወደ ጎማው ይሁን። ከላይ ያልብሱት፣ መጀመሪያ የውስጡን መንጠቆ ያያይዙ፣ ከዚያ የውጩን፣ በመጨረሻ ማጥበቂያውን ይሳቡ። የውስጡ ሳይያያዝ ውጩን ያጠበቀ ሰው መልሶ መፍታቱ አይቀርም። አንዳንዱ ዓይነት መኪናዋን በግማሽ ዙር ወደፊት ማስኬድ ይፈልጋል፤ መመሪያው ይነግርዎታል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ይታሰሩ፤ አንዱን ብቻ ማሰር አደገኛ ነው።

መቶ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ አመቺ ቦታ ቆመው እንደገና ያጥብቁ። ሰንሰለቱ ቦታውን ሲይዝ ይላላልና ይህን እርምጃ አይዝለሉት። ከዚያ በኋላ «ጧ ጧ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ያልታሰረ ጫፍ ፓራፋንጎ እየመታ ነው፤ ወዲያው ይቁሙ። በአብዛኞቹ ሰንሰለቶች ከ30 ማይል፣ ማለትም ከ48 ኪሎሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም፤ የእርስዎ ሳጥን ያነሰ ቁጥር ካለው እሱን ይከተሉ። ጎማው ባለበት ሲሽከረከር ነዳጅ አይስጡ፤ ሰንሰለት በብዛት የሚበጠሰው በዚህ ጊዜ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ የታሰረው ፊት ሲይዝ ያልታሰረው ኋላ ወደ ጎን ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ፍሬን በድንገት አይርገጡ፣ ማርሽ ቀንሰው ይውረዱ። ባዶ አስፋልት ሲጀምር ይፍቱት።

የፊት ጎማ ከተነፈሰ፣ ቀጭኑ ስኮርታ ላይ ሰንሰለት አይታሰርም። ደህናውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት ያምጡ፣ ስኮርታውን ኋላ ይግጠሙ፣ ከዚያ ሰንሰለቱን እንደገና ያስሩ። ቤት ሲገቡ የመንገዱን ጨው በንጹሕ ውሃ ያጥቡ፣ ሰቅለው ያድርቁ፣ ከደረቀ በኋላ ብቻ ወደ ሳጥኑ ይመልሱ፤ እርጥቡን ያስቀመጡት ሰንሰለት ለሚቀጥለው ክረምት ዝጎ ይጠብቅዎታል።