ወገቤን ያሳረፈው ወንበር

ሁለት ወር ሙሉ ወገቤን ሲቆረጥመኝ ፍራሹን ነበር የማማው። ፍራሽ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ጥፋተኛው ለካ ቀኑን ሙሉ የምቀመጥበት ወንበር ነው። ትልቅ፣ ጥቁር ሌዘር፣ የማናጀር ወንበር የሚሉት። ያምራል። ለእኔ ቁመት ግን አልተሠራም።

መቀመጫው ረጅም ስለሆነ፣ ጀርባዬን ላስደግፍ ስል ጠርዙ ከጉልበቴ ኋላ ይጫነኛል። ወደ ፊት ስጠጋ ደግሞ ወገቤ ያለ ድጋፍ ይቀራል። ስምንት ሰዓት እንዲህ ጎብጦ መዋል ነው እንግዲህ።

ሸጥኩትና መርካቶ ወረድኩ። በዚህኛው ዙር ማማሩን ትቼ፣ በየወንበሩ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። ሻጩ “ወንድሜ፣ ልታድርበት ነው እንዴ?” እስኪለኝ ድረስ። በመቀመጫው ጠርዝና በጉልበቴ ኋላ መካከል ሦስት ጣት ይገባል ወይ? የጀርባው ጉብታ ቀበቶ ከማስርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ወገቤን ይደግፋል ወይ? የክንድ ማሳረፊያው ጠረጴዛ ሥር ይገባል ወይ? ጀርባው መረብ የሆነውን መረጥኩ፤ ጀርባዬን አያልበኝም።

ቤት ስገባ ሌላ ጣጣ። ጠረጴዛዬ 75 ሴንቲሜትር ነው። ክርኔ ከጠረጴዛው እኩል እንዲሆን ወንበሩን ከፍ ሳደርግ እግሬ ተንጠለጠለ። ሁለት እሽግ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ከእግሬ ሥር አስቀመጥኩ፤ በቃ። ላፕቶፑንም በወፍራም መጻሕፍት ከፍ አድርጌ ለብቻው ኪቦርድ ሰካሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ቁርጥማቱ ለቀቀኝ። በየግማሽ ሰዓቱ መነሳቴን ግን አልተውኩም። ቡናም ጥሩ ሰበብ ነው።