ድንኳኑን ማን ያመጣል? የሰርግ ቡድን ሥራን በትሬሎ መያዝ

ቴሌግራም ግሩፕ ለወሬ ጥሩ ነው፤ ለፎቶም ጥሩ ነው። ሥራ ግን አይያዝበትም። "ነገ ወንበሮቹ በጠዋት ይግቡ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አምስት ሰው አውራ ጣት ያነሳል። ከዚያ አንዱ ቀልድ ይለጥፋል፣ ሌላው መልካም ዕለተ ሰንበት ይመኛል፣ መልእክታችሁ ወደ ላይ ሽው ይላል። ወንበሮቹን የሚያስገባው ማን እንደሆነ ግን እስካሁን የተናገረ የለም።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ሰርግና ስብሰባ የሚያዘጋጅ አነስተኛ ቡድን አስተባብራለሁ። ዲኮር፣ ድንኳንና ወንበር፣ ምግብ፣ ድምፅና መብራት፣ ከዚያ ሒሳብ ያዧ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ከተማው ሁሉ የሚጋባ ይመስላል። መሀል ላይ የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ስለሚገባ ቅዳሜና እሑዶች ላይ ድግሱ ይደራረባል። በዚያ ወቅት ሥራን በጭንቅላት ይዞ መዞር አይቻልም። ደብተርም አያዋጣም፤ ደብተሩ ያለው አንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ ነው።

የምንሠራበት ትሬሎ ነው፤ የቡድን ሥራ በስልክም በኮምፒውተርም የሚያዝበት አፕ። አሳናና ክሊክአፕ የሚባሉ መሰሎቹም አሉ፤ ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ግን ቁልፋቸው ይበዛል። ትሬሎ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ኒውዮርክ ውስጥ ተጀምሮ በ2017 የአውስትራሊያው አትላሲያን የገዛው ነው። ሐሳቡ ግን ከኮምፒውተር ይቀድማል። የጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካው ውስጥ ሥራን በካርድ የሚያንቀሳቅስበት፣ ካንባን የሚባል ዘዴ ነበረው። ሥራው ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው።

ነጻው አገልግሎት ለትንሽ ቡድን ይበቃል። በአንድ ወርክስፔስ (የቡድኑ የጋራ ቦታ) እስከ 10 ሰውና እስከ 10 ቦርድ (ካርዶቹ የሚደረደሩበት ሰሌዳ) ይፈቅዳል፤ ካርድ የፈለጋችሁትን ያህል ነው። አንድ ፋይል ከ10 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ፎቶ ያልፋል፣ ረጅም ቪዲዮ አያልፍም። ቪዲዮው እዚያው ቴሌግራም ላይ ይቅር።

አከፋፈቱ ቀላል ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። አንድ ሰው በኢሜይሉ ይመዘገባል፣ ቦርድ ይከፍታል፣ ለሌሎቹ የመጋበዣ ሊንክ ይልካል። ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ሁሉም በራሱ ስምና በራሱ ፎቶ ይግባ። ካርድ ማን አንቀሳቀሰ፣ መቼ አንቀሳቀሰ የሚለው ሁሉ ይመዘገባል፤ ሁለት ሰው በአንድ ስም ከገባ መዝገቡ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ቦርዱን "ፕራይቬት" አድርጉት። "ፐብሊክ" ካላችሁት ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል። የሙሽራዋ ወንድም ስልክ ቁጥርና የቀረ ሒሳብ እዚያ ላይ ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ትሬሎ ከፍታችሁ ስታዩት ሦስት ሊስት (ካርዶች ከላይ ወደ ታች የሚደረደሩበት ዓምድ) ያለው ሰሌዳ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ሊሠራ የታሰበ፣ በመሠራት ላይ ያለ፣ ያለቀ። ለቢሮ ሰው ይሆናል። ለእኛ አልሆነም። የእኛ ሊስቶች ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ይነበባሉ፤ "ያልተጀመረ"፣ "እየተሠራ"፣ "ሰው እየጠበቅን"፣ "ቦታው ደርሷል"፣ "ተመልሷል"።

የመጨረሻውን ልብ በሉ። የኪራይ ዕቃ ሥራ ሰርጉ ሲያልቅ አያልቅም። 300 ወንበር ወጥቶ 296 ከገባ ካርዱ "ቦታው ደርሷል" ላይ እንደቆመ ነው፤ አራቱ እስኪገኙ ንቅንቅ አይልም። ብዙውን ጊዜ የጎረቤት ጓዳ ውስጥ ይገኛሉ።

"ሰው እየጠበቅን" የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ የምወደው ሊስት ነው። ሥራ የሚዘገየው ሁልጊዜ ሠራተኛ ሰንፎ አይደለም። ደንበኛው የጨርቁን ቀለም አልወሰነም፤ ጄኔሬተር አከራዩ ስልክ አያነሳም፤ የሙሽራው ቤተሰብ የእንግዳ ቁጥር አልሰጠም። እነዚህ ካርዶች "እየተሠራ" ውስጥ ከተቀመጡ የተሠራ ይመስላል፣ ሰዉም ይዘናጋል። ለብቻ ሲቀመጡ ግን ስልክ መደወል ያለበት የቱ ጋ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ካርድ እዚያ ሲገባ የምንጠብቀውን ሰው በኮሜንት እንጽፋለን፤ "የሙሽሪት እናት፣ ቀለም፣ እስከ ረቡዕ"።

ለእያንዳንዱ ሰርግ አዲስ ቦርድ የሚከፍቱ አሉ። እኔ አልመክርም። ድንኳኑ አንድ ነው፣ አይሱዙው አንድ ነው፤ የሚጋጩትም በሰርጎች መሀል ነው። አንድ ቦርድ ለአንድ ወቅት ይኑራችሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰርግ ደግሞ የራሱ ቀለም ያለው ሌብል ስጡት። የሽምብጡ ሰርግ ብርቱካናማ፣ የዘጌው ሰማያዊ። አንድ ቀለም መርጦ የአንዱን ሰርግ ካርዶች ብቻ ማየት ይቻላል። አንድ ሕግም አለን፤ ቀብድ ያልከፈለ ደንበኛ ካርድ አይከፈትለትም። ጠይቆ የሚቀር ብዙ ነው፤ ቦርዱን ያጨናንቃል።

ካርድ አጻጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። "ወንበር" ብሎ ካርድ መክፈት ከንቱ ነው። ወንበሩ ምን ይሁን? አንዱን የእኛን ካርድ እንዳለ ላሳያችሁ። ርዕሱ "ጥር 16 ቅዳሜ፦ 300 ወንበርና ድንኳን ሽምብጥ ማድረስ" ይላል። ከሥሩ አድራሻ አለ። ባሕር ዳር ውስጥ የቤት ቁጥር ይዞ የሚሄድ ሾፌር የለምና "ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር" ተብሎ ተጽፎ የጉግል ማፕ ሊንክ ተለጥፎበታል። ቀጥሎ ቼክሊስቱ ነው፦

የበሩን ስፋት መለካት (አይሱዙው ይገባል?)
ካስማና ገመድ መቁጠር
ለጄኔሬተር ናፍጣ መግዛት
ወንበሩን ቆጥሮ መጫን
ቆጥሮ ማውረድና የተቀባዩን ስም መጻፍ
ፎቶ ማንሳት

አንዱን በነካችሁት ቁጥር 1/6፣ 2/6 እያለ ከካርዱ ፊት ላይ ይታያል። ካርዱን ሳልከፍት የት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ ደውዬ "እንዴት ሆነ?" እያልኩ ሰው አላሰለችም።

የካርዱ ባለቤት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእሱ ፎቶ ካርዱ ላይ ይለጠፋል። ትሬሎ አንድ ካርድ ላይ ብዙ ሰው መለጠፍ ይፈቅዳል፤ እናንተ አትፍቀዱ። ሦስት ፎቶ የተለጠፈበት ካርድ ከቴሌግራሙ አውራ ጣት በምንም አይሻልም። ረዳት ካስፈለገ ቼክሊስቱ ላይ ስሙን ከተግባሩ ፊት ጻፉት። ተጠያቂው ግን ፎቶው ያለበት ሰው ነው፤ ሥራውን ለሌላ ካስተላለፈ ፎቶውን ያስቀይራል።

ቀንና ሰዓት ላይ ደግሞ ፈረንጅ የጻፈው መመሪያ አይረዳችሁም። ትሬሎ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱንም እንጽፋለን። ርዕሱ ላይ የእኛ ቀን፣ "ዴትስ" የሚለው ቦታ የፈረንጁ። የ2018 ጥር 16 ቅዳሜ ጃንዋሪ 24 ነው። የሳምንቱን ቀን ሁልጊዜ ጨምሩ፤ "ቅዳሜ" ብላችሁ ትሬሎ ላይ እሑድ ከወጣ ያኔውኑ ትይዙታላችሁ።

ሰዓቱ ስድስት መደመር ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት 8:00 ኤኤም ነው። እስከዚህ ማንም አይሳሳትም። ጣጣው ሌሊት ላይ ነው። ወጥ ሠሪዎቹን አርብ ሌሊት 9 ሰዓት መኪና ይወስዳቸዋል እንበል። ለእኛ አርብ ሌሊት ነው፤ ገና አልነጋም። ለትሬሎ ግን ቅዳሜ 3:00 ኤኤም ነው። አርብ 3:00 ኤኤም ብላችሁ ከሞላችሁት ሾፌሩን አንድ ሙሉ ቀን ቀድማችሁ ቀሰቀሳችሁት። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለ ሥራ ሁሉ በትሬሎ ላይ በማግስቱ ቀን ይሞላል። እኛ ይህን መጋዘኑ በር ላይ በወረቀት ለጥፈነዋል።

ማስታወሻውንም ምረጡ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንዲያስታውስ ማድረግ ለዕቃ ሥራ ደህና ነው፤ ለሌሊት መኪና ደግሞ ሁለት ሰዓት ቀደም ይበል። ጊዜው 24 ሰዓት ሲቀረው ቀኑ ቢጫ ይሆናል፣ ካለፈ ቀይ፣ ተጠናቋል ሲባል አረንጓዴ።

አንዱ ካርድ ሌላውን ሲጠብቅስ? የጀልባ ፎቶን እንውሰድ። ሙሽሮች ጣና ላይ ፎቶ መነሳት ይወዳሉ። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ቬሎውን ያረጥበዋል። ስለዚህ ጀልባው ጠዋት ነው፤ ጀልባው ጠዋት ከሆነ የፀጉር ሥራው ሌሊት ይጀመራል፤ ካሜራማኑም እንደዚያው። የጀልባውን ካርድ ሊንክ ኮፒ አድርጋችሁ ፀጉር ሥራው ካርድ ላይ ለጥፉት። ጀልባው የተቀየረ ቀን ማንን መንገር እንዳለባችሁ እዚያው ታገኙታላችሁ። ደንበኛ ሐሳቡን ቀይሮ "ጀልባው ይቅርብንና በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ እንነሳ" ካለ ደግሞ ካርዱን አታጥፉ። ርዕሱን ቀይሩ፣ ማን መቼ እንዳለ በኮሜንት ጻፉ። በስልክ የተባለ ነገር ሁሉ ካርዱ ላይ ይውረድ። ከሒሳብ በኋላ "እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?" ሲመጣ ያን ጊዜ ይጠቅማል።

አስቸኳይ ነገር ግን በኮሜንት አይነገርም። መኪናው መንገድ ላይ ከቆመ ይደወላል። ይህን የምለው ትሬሎ የወደዱ ሰዎች ሁሉን ነገር እዚያ ሊያስገቡ ስለሚፈልጉ ነው።

ኔት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስልክ ላይ የተጫነው አፕ ያለ ኔትም ይሠራል፤ የነካችሁትን ይዞ ይቆይና ኔት ሲመለስ ይልከዋል። በብሮውዘር የከፈታችሁት ግን ይቆማል። ስለዚህ ሁሉም አፑን ይጫን። ትዕዛዞቹ በእንግሊዝኛ መሆናቸው ቢያስጨንቅም በየቀኑ የሚነኩት ቁልፎች ጥቂት ናቸው። ካርዱ፣ ሊስቱ፣ ሌብሉ ሁሉ በአማርኛ ይጻፋል።

ስማርት ስልክ የሌለው ሰውስ? የድንኳን ክፍሉን የሚመሩት ጋሼ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የሚይዙት። "እንግዛልዎ" ብንላቸው "ባትሪው አይበረክትም" ብለው እምቢ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በስማቸው አካውንት ከፍተን መጋዘን ባለው ስልክ ላይ አድርገነዋል። ማታ ዕቃ ጠባቂዋ የነገውን ካርድ ታነብላቸዋለች።

"ጋሼ፣ ሌሊት 11 ሰዓት አይሱዙው ይመጣል።"

"እሺ ልጄ። ናፍጣው የማን ነው?"

ቼክሊስቱ ላይ የናፍጣው መስመር የገባው በዚህ ጥያቄ ነው። እኔ ብጽፈው ኖሮ እረሳው ነበር። ልምድ ያለው ሰው ስክሪን ባይነካም ቦርዱን ያሻሽላል፤ ብቻ የሚያነብለትና የሚለውን የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል።

ሰኞ ጠዋት ቡና እየተፈላ ቦርዱን አብረን እናየዋለን። የምንጀምረው ከቀኝ ነው፤ ሊያልቅ ከተቃረበው። ካልተጀመረው ከጀመራችሁ ስብሰባው በአዲስ ሐሳብ ያልቅና አራቱ ወንበሮች ተረስተው ይቀራሉ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ "ምን ይቀረዋል?" ብቻ ይጠየቃል። ማን አጠፋ የሚለው ለሌላ ጊዜ ነው።

ቡትለር የሚባል፣ ካርድ ሲንቀሳቀስ አንዳንድ ነገር በራሱ የሚሠራ መሣሪያም አለው። መጀመሪያ አትንኩት። ሰዉ ካርድ ማንቀሳቀስ ሲለምድ ይደረስበታል።

ወቅቱ ሲያልቅ ካርዶቹን አርካይቭ አድርጉ (ከቦርዱ አንስታችሁ አስቀምጡ) እንጂ አትሰርዙ። አርካይቭ የተደረገ ይመለሳል፤ የተሰረዘ አይመለስም። በደንብ የተሠራውን የድንኳን ካርድ ግን ለይታችሁ አስቀምጡና ለሚቀጥለው ሰርግ ኮፒ አድርጉት። ኮፒ ስታደርጉ ቼክሊስቱን አምጡ፣ የድሮውን ኮሜንት ተዉት፣ ቀኑን ደግሞ ሳትፈትሹ አትዝጉ።