የልብ ምት መድኃኒቶች፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

የተዛባ የልብ ምት የሚያስተካክለውን አሚዮዳሮን ከጀመሩ ሁለት ዓመት ያለፋቸው እናት በቅርቡ ገጠሙኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የታይሮይድ ምርመራ አንድም ቀን አልተደረገላቸውም። ክብደታቸው ጨምሯል፣ ብርድ አይችሉም፣ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ። ልጆቻቸው እርጅና መስሏቸዋል። ሲመረመሩ የታይሮይድ ዕጢያቸው ሥራ ሊያቆም ምንም አልቀረውም ነበር።

አሚዮዳሮን አዝዞ መርሳት በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ነው። አንዷ ባለ 200 ሚሊግራም ኪኒን 75 ሚሊግራም ያህል አዮዲን አለባት። ሰውነታችን በቀን የሚፈልገው የአንድ ሚሊግራም ሩብ እንኳ አይሞላም። ዕጢው ወይ ይዳከማል፣ ወይ ከልክ በላይ ይሠራል። ከልክ በላይ ሲሠራ ደግሞ የተረጋጋው የልብ ምት እንደገና ይረበሻል። መድኃኒቱ በስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ዛሬ ቢቆም እንኳ ጉዳቱ ለወራት ሊቀጥል ይችላል። እባካችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ታይሮይድ፣ ጉበት፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እና የደረት ራጅ ይታዩ። ከዚያ ታይሮይድና ጉበት በየስድስት ወሩ። ታካሚው ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት) ከወሰደ ዶዙ ከሲሶ እስከ ግማሽ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል፤ ደሙ በተደጋጋሚ ይመርመር። የሚወስደው ዲጎክሲን (ሌላ የልብ መድኃኒት) ከሆነ ዶዙ በግማሽ ይቀነሳል።

እኔም አጥፍቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ላለባቸው ሴትዮ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ አዘዝኩ። የሚወስዱትን መድኃኒት አንድ በአንድ አልጠየቅኩም። ሳንባቸውን የጎዳው አሚዮዳሮን ነበር። ቆሞላቸው ስቴሮይድ ጀመሩና ቀስ በቀስ ተሻላቸው። ከዚያ ወዲህ አሚዮዳሮን የሚወስድ ሰው ሲያስል ከሰማሁ ዝም ብዬ አላልፍም።

ሌላው ስህተት የልብ ምት መድኃኒት የታመመውን ቦታ ብቻ መርጦ ይሠራል ብሎ ማሰብ ነው። ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚፈጠረው ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም በልብ ህዋሳት በሮች ሲገቡና ሲወጡ ነው። ፍሌካይናይድ የሶዲየሙን በር ይዘጋል፤ ኤሌክትሪኩ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ሶታሎል የፖታሲየሙን ይዘጋል፤ ህዋሱ ለሚቀጥለው ምት ለመዘጋጀት ይዘገያል። ቬራፓሚል የካልሲየሙን ይዘጋል፤ ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚያልፈው ምት ይቀንሳል። ቤታ ብሎከሮች ደግሞ አድሬናሊን ልብን እንዳያጣድፍ ይከላከላሉ። እነዚህ በሮች ግን ጤነኛው የልብ ክፍል ላይም አሉ። ምት ሊያስተካክል የገባ መድኃኒት ራሱ ምት የሚያዛባው ለዚህ ነው።

ይህን ያልተረዳ ሐኪም ሰውየውን ትቶ ኢሲጂውን ያክማል። የልብ ምት መድኃኒቶችን የፈተሸው ካስት የተባለው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲታተም ብዙዎች ደንግጠዋል። ሃርት አታክ ይዟቸው የተረፉ ሰዎች ትርፍ ምት ስለነበራቸው ፍሌካይናይድ ወይም ኤንካይናይድ ተሰጣቸው። ትርፍ ምቱ ጠፋ። ነገር ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63ቱ ሞቱ፤ የማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት 743 ደግሞ 26። ስለዚህ ፍሌካይናይድ ከማዘዛችሁ በፊት ሃርት አታክ ይዞት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ፣ ልቡንም በአልትራሳውንድ እዩ።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው የልብ ክፍል ያለ ሥርዓት የሚርገበገብበት ሕመም) ላለበት ሰው ፍሌካይናይድ ብቻውን አይሰጥም፤ ምቱን የሚያዘገይ መድኃኒት አብሮት ይኑር።

ሶታሎል የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሳይታይ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሳይለካ ማዘዝ ትልቅ አደጋ አለው። ኢሲጂው ላይ የተስተካከለው ኪውቲ (የታችኛው የልብ ክፍል መትቶ ለሚቀጥለው ምት እስኪዘጋጅ የሚፈጀው ጊዜ፣ ለምት ፍጥነት ታርሞ) ከ500 ሚሊሰከንድ ካለፈ ሰውየው በድንገት ሊወድቅ ይችላል። መድኃኒቱን የምትወስዱ ሰዎች፣ ብርቱ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛችሁ ቶሎ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ፖታሲየም የሚወርደው ያኔ ነው። ለሌላ ሕመም አንቲባዮቲክ ሲታዘዝላችሁም ሶታሎል እንደምትወስዱ ተናገሩ። ክላሪትሮማይሲንን የመሳሰሉት አብረው ኪውቲውን ያረዝሙታል።

ቬራፓሚልና ቤታ ብሎከር በደም ስር አከታትሎ መስጠት ልብን ሊያቆም ይችላል። በቃ፣ አታድርጉት።

ቤታ ብሎከር ተሻለኝ ብሎ በአንዴ ማቆምም እንደዚሁ። ልብ ከበፊቱ ብሶ ሊመታ ይችላል፤ የልብ ደም ስር ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ሃርት አታክ ሊያመጣ ይችላል። ዶዙ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

በድንገት የሚፈጥንን የልብ ምት ለመቁረጥ በደም ስር የሚሰጠው አዴኖሲን ላይ ጀማሪዎች ሲቸገሩ አዝናለሁ፤ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። አብዛኞቹ ለታካሚው በማዘን ቀስ ብለው ይገፉታል። አዴኖሲን ደም ውስጥ የሚቆየው ለሰከንዶች ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ከተሰጠ ልብ ሳይደርስ ያልቃል። ትልቅ የደም ስር ምረጡ፣ በፍጥነት ግፉ፣ ወዲያው ሴላይን (የጨው ውሃ) አስከትሉ። ዲፊብሪሌተሩ (ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስተካክለው መሣሪያ) አጠገባችሁ ይሁን። አስም ያለበት ሰው ከሆነ ሌላ አማራጭ ፈልጉ። ከሁሉ በፊት ግን ለታካሚው ንገሩት፤ ብዙ ሰው በዚያች ቅጽበት የሞተ ይመስለዋል። እኔ ሁልጊዜ እጃቸውን ይዤ እንዲህ እላለሁ፦ «አሁን ደረትዎን ጭንቅ ይልዎታል፣ ፊትዎን ያተኩስዎታል። ወዲያው ያልፋል። እኔ እዚሁ ነኝ።»